ዲግሪው በስልክ ይመጣል፤ ጣፊያ ግን በእጅ ነው የሚዳሰሰው

 

የዛሬው ርዕሳችን ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ ምግብ አይደለም። ስለሚያክሙን ሰዎች ትምህርት ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከወረታ፣ ከቁሐር ሚካኤልና ከአዲስ ዘመን አካባቢ ነርስ እህቶች በተደጋጋሚ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ነው። «በኢንተርኔት የነርሲንግ ዶክትሬት መማር ይቻላል ይባላል፤ እውነት ነው? ብከፍል ይጠቅመኛል?» ይላሉ። አንዳንዷ ገንዘቡን ከባሏ ጋር ተመካክራ ማጠራቀም ጀምራለች። አንዳንዷም ከሩዝ ሽያጭ ወይም ከከብት ዋጋ ልታወጣ አስባለች። ስለዚህ ጉዳዩ የወሬ ጉዳይ ሳይሆን የቤተሰብ ጥሪት ጉዳይ ነው።

አቋሜን ገና ከመግቢያው ላስቀምጥ። ነርሶቻችን እስከ ዶክትሬት መማር አለባቸው፤ በርቀት መማርም ነውር የለበትም። ነገር ግን የነርሲንግ ትምህርት የሚመዘነው በስክሪኑ ሳይሆን በሕመምተኛው አልጋ ነው። እጇን ማንም ሳያይ ዶክተር የሚያደርጋት ትምህርት ቤት እሷንም፣ ሕመምተኛዋንም ይጎዳል። ምክንያቴን በዝርዝር ላቅርብ።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

በነርሲንግ ሁለት ዓይነት ዶክትሬት አለ። አንደኛው ለምርምር የሚሰጠው ፒ.ኤች.ዲ. ነው። ሁለተኛው «የነርሲንግ ተግባር ዶክትሬት» ሲሆን በአጭሩ ዲ.ኤን.ፒ. ይባላል። የመጀመሪያው አዲስ ዕውቀት የሚፈልግ ተመራማሪ ሲያፈራ፣ ሁለተኛው የተገኘውን ዕውቀት ወደ ሕክምና ክፍል ወስዶ ሥራ ላይ የሚያውል ባለሙያ ያፈራል።

ዲ.ኤን.ፒ. በአሜሪካ የተወለደ ትምህርት ነው። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ጀመረው። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ባሳለፈው ውሳኔ ለከፍተኛ የነርሲንግ ሥራ የሚያበቃው ትምህርት ዶክትሬት እንዲሆን ደገፈ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ በፍጥነት ተስፋፍቶ ብዙዎቹ ተቋማት የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በኢንተርኔት ይሰጣሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችም የሌሊት ተራ እየሠሩ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ይህንኑ ይማራሉ። አላህ ይርዳቸው፤ ድካማቸው ቀላል አይደለም።

ግን ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ «ኦንላይን» የሚባለው ትምህርት ሁሉ ኦንላይን አይደለም። ተማሪዋ ከመጀመሪያ ዲግሪዋ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት የተግባር ልምምድ እንዲኖራት ይጠበቃል። ይህ ሰዓት የሚቆጠረው በኮምፒዩተር ፊት ሳይሆን በክሊኒክና በሆስፒታል፣ ኃላፊነት ወስዶ በሚከታተላት ባለሙያ ፊት ነው። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ተቋማት የሚቀበሉት በነርሲንግ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላትንና በአሜሪካ የምትሠራበት የነርስነት ፈቃድ በእጇ ያለውን ሴት ነው። በዲፕሎማ ወረታ ላይ የምትሠራ ነርስ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ተግባር ልምምድ «በአንድ ዓመት ዶክትሬት እንሰጥሻለን» የሚል መልእክት በስልኳ ቢመጣላት ከማን እንደመጣ ቆም ብላ ታስብ።

እኛ ዘንድ ነርሷ ምን ትሠራለች?

«ለመሆኑ ዶክትሬት ያላት ነርስ ለፎገራ ምን ታደርጋለች? ይህ የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ነርስ ሕመምተኛን መርምራ፣ በሽታውን ለይታ፣ መድኃኒት ለማዘዝ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ድረስ ትማራለች። በእኛ አገር ጤና ጣቢያ ግን በዲፕሎማ የተመረቀችው ነርስ ከመጀመሪያው የሥራ ቀኗ ጀምሮ ይህንኑ ታደርጋለች። የታመመ ሕፃን ትመረምራለች፤ የትኩሳቱን ምክንያት ትለያለች፤ መድኃኒት ታዝዛለች፤ ወደ ሆስፒታል ይላክ ወይስ ይቆይ ብላ ትወስናለች። እኔ በመድኃኒት ቤት መስኮት የምቀበለው የማዘዣ ወረቀት አብዛኛው የነርስ ወይም የጤና መኮንን እጅ ጽሑፍ ነው። ባላገሩም ቢሆን ነጭ ጋወን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ነው የሚጠራው። ማዕረጉን ከሰጠ ቆይቷል፤ የጎደለው ትምህርቱ ነው።

እንግዲህ ከፍ ያለ የምርመራ ዕውቀት ይበልጥ የሚያስፈልገው የት ነው? ስፔሻሊስት በየፎቁ ባለበት ከተማ ነው ወይስ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ ጭቃ አቋርጦ በሚመጣበት ፎገራ? መልሱ ግልጽ ነው። ስለዚህ ትማር የምትለዋን እህት የሚነቅፍ ሰው ራሱ ነገ በእሷ እጅ እንደሚታከም ያስታውስ።

ከሊቦ ከምከም የተማርነው

በቅርባችን የሆነውን እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. ግድም በጎረቤታችን ሊቦ ከምከም ወረዳ ሰዎች ለሳምንታት በማይለቅ ትኩሳት ይሰቃዩ ነበር። ሰውነታቸው ይከሳል፣ ሆዳቸው ያብጣል፣ ይሞታሉ። አካባቢው ወባ የሚያጠቃው በመሆኑ በሽታው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። የወባ መድኃኒት ቢሰጥም አልተመለሰም። በመጨረሻ በምርመራ ሲረጋገጥ በሽታው ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ካላ አዛር ከትንኝ በምታንስ በራሪ ነፍሳት የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ከዚያ በፊት የሚታወቀው በሁመራና በመተማ ቆላ ስለነበር እኛ ደጋ ላይ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ከ1997 እስከ 1999 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች 2,450 ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 120ዎቹ ሞተዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ባይጀምር ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ከዚህም በላይ በሆነ ነበር።

ይህን የማነሣው በጊዜው የነበሩ ባለሙያዎችን ለመውቀስ አይደለም። ያልተጠበቀ በሽታ ነበርና። የማነሣው ትምህርት ምን መሆን እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው። የካላ አዛር ጥርጣሬ የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ትኩሳት፣ ከክብደት መቀነስና ካበጠ ጣፊያ ነው። ወባም ጣፊያ ያሳብጣል፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው። ታዲያ ነርሷ ሕመምተኛውን በጀርባው አስተኝታ፣ በግራ ጎኑ ከጎድኑ በታች በጣቶቿ መዳሰስ፣ «ትኩሳቱ ከጀመረህ ስንት ቀንህ ነው? ለሥራ ሁመራ ወይም መተማ ወርደህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይኖርባታል። መጠየቁን ከመጽሐፍ ወይም ከቪዲዮ ልትማረው ትችላለች። ያበጠ ጣፊያ በጣት ሥር ምን እንደሚመስል ግን ልምድ ያለው ሰው እጇን ይዞ ካላሳያት አታውቀውም። አንዴ ካላሳሳታት፣ አንዴ ካላረማት አይጸናም። ኢንተርኔት ይህን አይልክም።

ኢጃዛ ምን ያስተምረናል?

መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህን ነገር ለመረዳት አንቸገርም። ቁርኣንን ያለ አቅሪ፣ ከጽሑፍ ብቻ አነበብኩ ያለ ሰው ቂርአቱ አይታመንም። የፊደሉ መውጫ በጉሮሮ ይሁን በምላስ ጫፍ ኡስታዙ ሰምቶ ሲያርመው ነው የሚስተካከለው። ሸኹ ኢጃዛ ሲሰጡም «ይህ ሰው እኔ ፊት ቀርቷል፤ እኔም ከእገሌ ፊት ቀርቻለሁ» ብለው ነው። ኢጃዛ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ሰሚ የነበረበት ምስክርነት ነው።

ዛሬ በስልክ የሚያቀሩ ኡስታዞች አሉ፤ ልጆቻችንም ከእነሱ ይጠቀማሉ። ለምን ይሆናል ቢባል ኡስታዙ ከሩቅም ቢሆን የተማሪውን ድምፅ ስለሚሰማ ነው። ስለዚህ ችግሩ ርቀቱ አይደለም። ችግሩ ያለው ሰሚና አራሚ ከሌለ ነው። ለቂርአት ጆሮ ይበቃል። ለሕክምና ግን ዓይንም፣ እጅም፣ ሕመምተኛም ያስፈልጋል። ስለዚህ ማንኛውንም የነርሲንግ ዲግሪ ስናይ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስትሠራ ያያት ማን ነው?» መሆን አለበት።

ወረቀቱን የሚሸጡ ሰዎች

ይህ ጥያቄ ባይጠየቅ ምን እንደሚሆን አሜሪካኖቹ ራሳቸው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአገሪቱ መንግሥት «ኦፕሬሽን ናይቲንጌል» ባለው ዘመቻ በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ከሚገኙ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማ መሸጡን ይፋ አደረገ። 25 ሰዎች ተከሰሱ። ገዢዎቹ በሚፈለግባቸው ሰዓት ልክ ክሊኒክ ገብተው አልተለማመዱም። የሚያስገርመው ግን ከእነዚህ ሰዎች ወደ 2,400 የሚሆኑት የአገሪቱን የነርሶች የፈቃድ ፈተና ማለፋቸው ነው። ይህ ምን ያሳያል? በኮምፒዩተር የሚሰጥ ፈተና ጭንቅላትን ይመዝናል እንጂ እጅን አይመዝንም ማለት ነው።

በማዕረጉ አጠቃቀም ላይም ቢሆን ቀልድ የለም። በካሊፎርኒያ ዲ.ኤን.ፒ. የያዘች አንዲት ነርስ ራሷን «ዶክተር» ብላ በማስተዋወቋ ሕመምተኛን ታሳስታለች ተብላ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 20 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ከፍላለች። ዲግሪዋ እውነተኛ ነበር። ሕጉ የጠየቀው ሕመምተኛው ማን እንደሚያክመው በትክክል እንዲያውቅ ነው። እኛም ዘንድ ነርሷ ዶክትሬት ስትይዝ «እኔ ነርስ ነኝ፤ በነርሲንግ ዶክትሬት አለኝ» ማለት ክብሯን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም።

በአገራችንስ? በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ የርቀት ትምህርትን ሙሉ በሙሉ አግዶ ነበር። የብዙ ተማሪ ተስፋ በአንድ መግለጫ ተንጠለጠለ። እገዳው በኋላ ከመስፈርት ጋር ተነሣ። የጥራቱ ጥያቄ ግን አብሮ አልተነሣም። ዛሬ ሥራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ከዚህ ሌላ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለባቸው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ፈተና ብቻውን አይበቃም።

ርቀቱ ጥፋት አይደለም

እስካሁን የተናገርኩትን ይዛችሁ «እንግዲያው ቤት ተቀምጦ መማር ከንቱ ነው» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። እንዲያውም ለብዙ እህቶቻችን ሌላ በር የለም። ሁለት ሦስት ልጆች ያሏት፣ ደመወዟ የቤቷ ምሰሶ የሆነ ነርስ ሥራዋን ትታ ሁለትና ሦስት ዓመት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ልትቀመጥ አትችልም። ወንዱ ሲሄድ «ለትምህርት ሄደ» ይባላል፤ ሴቷ ስትሄድ «ልጆቿን ጥላ ሄደች» ይባላል። በርቀት መማርን የሚንቅ ሰው ሳያውቀው እነዚህን እናቶች ከትምህርት ገበታ እያስነሣቸው ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በመዲና ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታክም ነበር። ሰዕድ ኢብኑ ሙዐዝ በኸንደቅ ጊዜ ሲቆስሉም ወደ እርሷ ተወስደዋል። የሴት እጅ በሕክምና ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም።

ጥሩ የርቀት ትምህርት ምን እንደሚመስልም ከራሳችን አገር ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመድበዋል። እነሱን ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 ለማሳደግ ሁሉንም ከቀበሌያቸው ማስነሣት ማለት ጤና ኬላዎችን መዝጋት ነው። ስለዚህ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሂት» የሚል አጭር ስም ያለው ፕሮግራም ጀመረ። 13 የትምህርት ሞጁሎች ተዘጋጁ። ንድፈ ሐሳቡን ሥራቸው ላይ ሆነው እንዲያነቡ፣ የተግባሩን ትምህርት ደግሞ ከአስተማሪ ጋር ፊት ለፊት እንዲወስዱ ተደረገ። ንባቡ ወደ ባለሙያዋ ሄደ፤ ባለሙያዋ ደግሞ ለተግባሩ ወደ አስተማሪው መጣች። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህ ከታሰበ ለነርስ የማይታሰብበት ምክንያት የለም።

ጎንደርም ቢሆን የቆየ ትምህርት አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ገፋፊ ምክንያቱ በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የመላክ ልማድም ከዚያ የመነጨ ነው። ያኔ ትምህርቱ የተጀመረው ከበሽታው መንደር ነበር። ዛሬም ከዚያው ቢጀመር ያምራል።

ገንዘብሽን ከመክፈልሽ በፊት

እህቴ፣ የምትማሪበትን ተቋም ስትመርጪ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ።

1. ተቋሙ ባለበት አገር ዕውቅና አለው? የአሜሪካ ከሆነ የነርሲንግ ትምህርቱን እንደ ሲ.ሲ.ኤን.ኢ. ወይም ኤ.ሲ.ኢ.ኤን. ያሉ አካላት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። «ዓለም አቀፍ ዕውቅና አለን» የሚል ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

2. አገራችን ትቀበለዋለች? ገንዘብ ከመክፈል በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን፣ ለሙያ ፈቃዱ ደግሞ የክልሉን ጤና ቢሮ ጠይቂ። ከተመረቁ በኋላ መጠየቅ ከብቱ ከተሸጠ በኋላ ገበያ እንደማጣራት ነው።

3. የተግባር ሰዓቱ ስንት ነው? የት ይሠራል? ማን ያያል? ተቋሙ «ተግባር አያስፈልግም» ካለ ጉዳዩ እዚያ ላይ አበቃ። «የሥራ ልምድሽ ይበቃል» ካለም ተጠንቀቂ። ለዐሥር ዓመት አንድን ስሕተት ደጋግሞ መሥራትም ልምድ ይባላል።

4. የመጨረሻው ፕሮጀክት በምን ላይ ነው? ጥሩ ፕሮግራም በምትሠሪበት ቦታ ያለ አንድ ችግር እንድትለዪ፣ እንድታሻሽዪ፣ ለውጡንም በቁጥር እንድታሳዪ ያደርግሻል።

5. አቅሙ አለሽ? የአሜሪካ ዶክትሬት ክፍያ በዐሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ኔትወርኩንም አስቢ። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ትምህርትሽ ሙሉ በሙሉ በአንድ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ ገመዱ ሲበጠስ ምን ታደርጊያለሽ? በወረቀት ወይም በፍላሽ የሚሰጥ የንባብ ጽሑፍ አለ ወይ? ፈተና ቢያመልጥሽ ክፍያሽ ይቃጠላል ወይ? ጠይቂ።

ፕሮጀክቱ ፎገራ ላይ ቢሠራስ?

አምዳችን የአመጋገብም ነውና ይህን በምሳሌ ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ ማለትም የቀነጨሩ ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ 38 በመቶ ነበር። ክልላችን ደግሞ እህል የሚበቅልበት ነው። ፎገራ የሩዝ አገር ሆኗል። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ለሕፃኑም ገንፎና ሾርባ ይሆናል። ሆድ ይሞላል፤ ግን የተፈተገ ሩዝ ብቻውን በብረት ማዕድንም ሆነ በገንቢ ምግብነቱ ደካማ ነው። ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን ካልተጨመረበት ልጁ ይጠግባል እንጂ አያድግም።

አሁን አንዲት ነርስ ዶክትሬቷን ስትሠራ ይህን ርዕስ ብትይዝ አስቡት። ለክትባት የሚመጣውን ሕፃን ሁሉ በክንድ ዙሪያ መለኪያ ትለካለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ እስከ 12.5 ድረስ ደግሞ መካከለኛ ነው። ለስድስት ወር ስትለካ ለክትባት መጥተው፣ ተወግተው፣ ሳይታዩ ይመለሱ የነበሩት ስንት እንደሆኑ ታውቃለች። ከዚያ ለእናቶቹ በቤታቸው ካለው ሩዝና ጥራጥሬ የሚሠራ ገንፎ ታሳያለች፤ ውጤቱን ትመዘግባለች። ለዚህ ሥራ ቴፕና መዝገብ ይበቃል።

ወይም ጓያን ትያዝ። በሜዳችን ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። በችግር ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር የሚያሽመደምድ፣ መዳኛ የሌለው ሕመም ያመጣል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ማደባለቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። ይህን ስንቱ ቤት ያውቃል? ስንቱስ ያደርገዋል? ይህ የዶክትሬት ጥያቄ ነው። መልሱም ያለው በቁሐር ሚካኤል ማድ ቤቶች ነው፤ ከኬንታኪ አይመጣም።

እንዲህ ያለው ትምህርት ዲግሪውን የያዘችው ሴት ነገ ብትሄድ እንኳ የሚቀር ነገር አለው። በስክሪን ላይ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ግን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ላይ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ወረታ በሦስቱ መካከል፣ መንገዱ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚከፈልበት ቦታ ላይ ናት። ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔትና በጽሑፍ ልከው፣ ለተግባሩ ደግሞ አስተማሪ በየወሩ ወደ ጤና ጣቢያው ቢልኩ ነርሶቻችን ከቀያቸው ሳይነቀሉ ይማራሉ። ዶላርም አይፈልግም። የተግባር ዶክትሬት በዚህ መንገድ በአገር ውስጥ ቢከፈት ተጠቃሚው የጤና ጣቢያው ወረፋ ነው።

ከጤና ጣቢያ ኃላፊዎችም የምንጠብቀው አለ። የምትማር ነርስ ለልምምድ ስትጠይቅ «ሥራ ይበደላል» ብሎ መከልከል ይቅር። ልምድ ያለው ባለሙያ ከጎኗ ቆሞ እንዲያርማት በሳምንት ጥቂት ሰዓት መመደብ ወጪው ትንሽ ነው።

ባሎችና ቤተሰቦችም ድርሻ አላችሁ። ለክፍያው ብቻ ሳይሆን ለሰዓቱ አግዟት። ማታ መጽሐፍ ስትገልጥ ልጅ ያዙላት፤ ለተግባር ልምምድ ስትወጣ አትጎትቷት። ጀመዓችንም ለመስጂድ ግንባታ እንደሚያዋጣ ሁሉ አንዲት ነርስ ቢያስተምር ለሰፈሩ ትልቅ ሰደቃ ነው።

እህቴ ነርስ ሆይ፣ አንቺም ተማሪ። ዶክትሬት ድረስ ሂጂ፤ በኢንተርኔትም ቢሆን ሂጂ። ግን እጅሽን የሚያይልሽ ሰው ሳታገኚ ወረቀት አትቀበዪ። በክረምት ማታ ትኩሳት ያልለቀቀው ልጅ ታቅፎ ሲመጣ እናቱ ግድግዳሽ ላይ የተሰቀለውን አታነብም። የምታየው ጣቶችሽ ከልጁ ጎድን በታች ምን እንደሚፈልጉ ነው።